ሠላሳ አንድ ጥሪ

በ2078 ዓ.ም. በድሬዳዋው ምሥራቅ በር ዩኒቨርሲቲ የጨዋታ ንድፍ የሚማሩ ልጆች ጠዋት ዓይናቸውን ሲገልጡ መጀመሪያ የሚያዩት ቆይታቸውን ነበር። ፊታቸውን ሳይታጠቡ፣ ነጠላ ጫማቸውን ሳያጠልቁ፣ እጃቸው አንጓ ላይ የታሰረችውን ትንሽ ሰሌዳ ገልበጥ አድርገው ያዩና ወይ ፈገግ ይላሉ ወይ አንሶላቸውን መልሰው ይከናነባሉ። ምግብ ቤት ሲገናኙም ሰላምታው "እንዴት አደርሽ?" መሆኑ ቀርቶ "ስንት አደረልሽ?" ሆኖ ነበር። መልሱ በሰዓትና በደቂቃ ነው።

የአራተኛ ዓመት ተማሪ ሁሉ አንድ ሞካሪ ይመደብለታል። ሞካሪው አብዛኛውን ጊዜ ጡረተኛ ነው። ቤቱ ቁጭ ብሎ መነጽሩን ያጠልቃል፣ ለእሱ ብቻ የተሠራውን ጨዋታ ይጫወታል፣ ሲበቃው ያወልቃል። ካጠለቀበት እስካወለቀበት ያለው ጊዜ ቆይታ ይባላል። ተማሪው የሞካሪውን ስም አያውቅም፤ ሞካሪውም የተማሪውን። የመመረቂያ ውጤት የሚሰጠው በቆይታው ልክ ነው። ይህን እንግዳ ነገር ነው ያለ ሰው አልነበረም። የድሬዳዋ ጡረተኞች የከሰዓቱን ሙቀት የሚያሳልፉበት አግኝተዋል፤ ልጆቻቸውም ወላጆቻቸው ሳይሰለቹ ስለዋሉላቸው እፎይ ብለዋል።

ሐመልማል ደረጀ የጭሮ ልጅ ናት። በልጅነቷ መሬት ላይ ሰኞ ማክሰኞ ስትሥል ሌላ ልጅ የማያስበው ሕግ ትጨምርበት ነበር፤ የወደቀ ተመልሶ የሚገባበት፣ የጨረሰ አዲስ ቤት የሚያገኝበት። የሰፈሩ ልጆች የእሷን ሰኞ ማክሰኞ ከጀመሩ እናቶቻቸው አርጩሜ ይዘው ካልመጡ አይነሱም። የሒሳብ መምህርት የሆኑት እናቷ፣ ልጃቸው ዩኒቨርሲቲ ገብታ ጨዋታ ልትማር መሆኑን ሲሰሙ ሦስት ቀን ዝም አሉ። በአራተኛው ቀን፣ "እሺ፤ ከገባሽበት አይቀር ግን አንደኛ ሁኚ" አሏት።

የደረሳት ሞካሪ ቁጥር 614 ነበር። ፋይሉ ላይ ያለው አንድ መስመር ብቻ ነው፦ ወንድ፣ ስልሳ ሰባት ዓመት፣ ጡረተኛ ባቡር ነጂ፣ ባለትዳር።

ባቡር ሠራችለት። ባቡሮች ራሳቸውን መንዳት ከጀመሩ ብዙ ዓመት ስለሆነ፣ ይህ ሰው መሪ ከጨበጡት የመጨረሻዎቹ አንዱ መሆን አለበት ብላ ገመተች። በረሃ የሚያቋርጥ ረጅም ሐዲድ፣ ትንንሽ ጣቢያዎች፣ በየጣቢያው የሚሳፈሩ ሰዎች። ከተሳፋሪዎቹ አንዱ ሁልጊዜ ነጂው አጠገብ ቁጭ ብሎ የሕይወቱን ታሪክ ያወጋል፤ ወጉ ልቡ ላይ ሲደርስ ባቡሩ ጣቢያ ይገባል። ቀሪውን ለመስማት እስከሚቀጥለው ጣቢያ መንዳት ነው። በጥቅምት 614 በቀን አርባ ደቂቃ ይቆይ ነበር። በታኅሣሥ ሁለት ሰዓት ሆነ። የካቲት ሲገባ ሦስት ሰዓት ላይ ደረሰና ቀጥ አለ። ተሳፋሪ ለወጠች፣ ዝናብ አዘነበች፣ ጥንቸል የምታህል ሚዳቋ ሐዲዱን እንድታቋርጥ አደረገች። ፈቀቅ አላለም።

ሞካሪ መነጽሩን ከማውለቁ በፊት ያለው ሃያ ሰከንድ ድምፅ ተቀድቶ ይቀመጣል፤ ተማሪው ሰውየው ለምን እንደተነሣ ይመረምርበት ዘንድ። ሐመልማል አንድ ቅዳሜ ቤተ መጻሕፍት ገብታ የመጨረሻዎቹን ሃምሳ ቅጂዎች በተራ ሰማች። ሠላሳ ስምንቱ ውስጥ አንዲት ሴት ነበረች።

"ናሆም፣ እስቲ ይሄን ክዳን ክፈትልኝ።"

"ናሆም፣ ሻዩ ቀዘቀዘ።"

"ናሆም! ዝናብ መጣ፣ ልብሱን!"

የአዛውንት ድምፅ ነው፤ የማይቸኩል፣ ትንሽ ሳቅ ያለበት። ሰውየው እያጉረመረመ ይነሣል፤ ግን ይነሣል። የ614 ስም ናሆም መሆኑን ሐመልማል ያወቀችው ያን ቀን ነው። በዚያ ዘመን ሽማግሌዎቹ ናሆም፣ ኤልዳና፣ ዮናታን የሚባሉ ነበሩ፤ የቅድመ አያቶቹ ስም ደግሞ ተመልሶ ለልጆቹ ደርሷል።

ሰኞ ዕለት አማካሪዋ ቢሮ ገባች። ዶክተር ኬሪያ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የማያውቁ፣ ተማሪ ሁሉ የሚወዳቸው ሴት ናቸው።

"ለምን እንደሚወጣ አገኘሽው?" አሏት።

"ሚስቱ ትጠራዋለች።"

"እና?"

"እናማ ይሄዳል።"

ዶክተር ኬሪያ ሳቁ። "ጥሩ ባል ነው። አንቺ ግን ትዳሩን ማሻሻል አትችዪም፤ ጌሙን ነው የምታሻሽዪው። የቤት ድምፅ የሁሉም ሰው ተቀናቃኝ ነው። ከጌሙ ውጪ ሆኖ እንዳይመጣበት አድርጊ።"

አፍኚው አላሏትም። ሐመልማል በኋላ ይህን ደጋግማ አስባዋለች። እንዳይመጣበት አድርጊ አሉ፤ እንዴት የሚለውን ያሰበችው እሷ ናት።

ሥራው ሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ ብቻ ፈጀባት። መነጽሩ "ናሆም" የሚል ጥሪ በሰማ ቁጥር ባቡሩ ጡሩምባውን ይነፋል። ጡሩምባው ረጅምና ወፍራም ነው፤ በረሃው ላይ ያሉ ግመሎች አንገታቸውን ቀና ያደርጋሉ፣ ጣቢያ ላይ የቆሙ ሰዎች እጃቸውን ያውለበልባሉ። ለነጂው ደስ የሚል ነገር ነው። ጥሪው ከሥሩ ይሰጥማል። ክፍል ውስጥ ስታቀርበው ተጨበጨበላት። የመኝታ ክፍል ጓደኛዋ ሂንዲያ፣ የድሬ ልጅ ናት፣ "አቦ፣ ይሄ ያምራል" አለቻት። ሴትዮዋ ለምን እንደምትጣራ የጠየቀ ሰው አልነበረም። ሐመልማል ራሷ አንድ ጊዜ፣ ፀጉሯን እየታጠበች ሳለ፣ ክዳኑን አሁን ማን ይከፍትላት ይሆን ብላ አስባ ነበር። ከዚያ ሳሙናውን አለቀለቀችና ረሳችው።

ቆይታው በሳምንቱ አራት ሰዓት ገባ። በሚያዝያ አምስት።

በግንቦት አንድ ማክሰኞ ስድስት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ደረሰ። በትምህርት ክፍሉ ታሪክ እንዲህ ያለ ቆይታ ተመዝግቦ አያውቅም። ጓደኞቿ ሐብሐብ ገዝተው ከኒም ዛፎቹ ሥር ቆረጡላት፤ ዶክተር ኬሪያ እንኳ በመስኮት እጃቸውን አነሡላት። ረቡዕ ጠዋት ሰሌዳዋን ስታይ ዜሮ ይላል። ሐሙስም ዜሮ። አርብ አንዲት አጭር መልእክት ገባችላት፦ ሞካሪ 614 ተሰናብቷል፤ ምትክ ይመደባል።

ሞካሪ መሰናበቱ ብርቅ አይደለም። ሰው ይታመማል፣ ይሰለቻል፣ ልጆቹ ዘንድ ይሄዳል። ሐመልማል ያኑ ዕለት የማክሰኞውን መዝገብ የከፈተችው ለሪፖርቷ ቁጥሩን ለመገልበጥ ነው። በሌላው ቀን ጡሩምባው አራት ወይ አምስት ጊዜ ይነፋ ነበር። ማክሰኞ ሠላሳ አንድ ጊዜ ነፍቷል።

ስሙ ሳይጠራ ጡሩምባው እንዳይነፋ ለመቆጣጠር፣ እያንዳንዱ ጥሪ እንዲቀዳ ራሷ አድርጋ ነበር። ስለዚህ ሠላሳ አንዱም አሉ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ ተማሪ በሞላበት ቤተ መጻሕፍት፣ ማዳመጫዋን ጆሮዋ ላይ አደረገች።

የመጀመሪያው፦ "ናሆም፣ እስቲ ና፤ ክንዴን ደነዘዘኝ።"

ሁለተኛው፦ "ናሆም።"

ሦስተኛው ላይ አንድ ነገር ወደቀ፤ የሳህን ድምፅ። ከዚያ በኋላ ያሉት ከታች፣ ከወለሉ አካባቢ የሚመጡ ናቸው። በአሥረኛው ስሙ ተንሻፏል። በሃያኛው ላይ የሰው ስም አይመስልም። በመጨረሻዎቹ "ና" ብቻ ነው የቀረው። ሐመልማል መሣሪያውን በሚገባ አሠልጥናው ነበር፤ የተሰባበረውንም ለይቶ አውቆታል፣ ለሁሉም ጡሩምባውን ነፍቶለታል። በመጀመሪያውና በመጨረሻው ጥሪ መካከል ያለው ጊዜ ሦስት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ነው።

ከሁሉም በኋላ ያለው የመውጫው ቅጂ ነው። መነጽሩ ሲወልቅ ይሰማል፤ ወንበር ይንቋቋል፤ ሰውየው ይንጠራራል።

"ሶሊ፣ ዛሬ ሻይ የለም እንዴ?"

ሐመልማል ማዳመጫውን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። አጠገቧ ያለችው ልጅ "ጨረስሽ?" ብላ ጠየቀቻት፤ ማዳመጫውን ፈልጋው ኖሯል። "ጨረስኩ" አለችና ሰጠቻት።

ለማንም አልተናገረችም። ሦስት ሳምንት ሙሉ። ምትክ ሞካሪ መጣላት፤ የጥልፍ ሥራ የሚወዱ አንዲት ሴት ናቸው፣ ለእሳቸውም ጨዋታ ጀመረች። ውጤት ሲለጠፍ አንደኛ ወጣች። ዶክተር ኬሪያ ጠርተው፣ ጡሩምባው ለሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች ማስተማሪያ ሊገባ መሆኑን ነገሯት፤ "አመሰግናለሁ" አለች። እናቷ ከጭሮ ደውለው፣ "አንደኛ አሉኝ፣ እውነት ነው?" ሲሏት "አዎ፣ እማዬ" አለች፤ እናቷ ስልኩ ላይ እልል ሲሉ ስልኩን ከጆሮዋ አራቀች። አንድ ነገር ብቻ ተለውጦባት ነበር። መኝታ ክፍሎቹ መካከል ባለው ኮሪደር ላይ ማንም ሰው ማንንም ሲጠራ ሰምታ ቁጭ ማለት አቃታት። የሌላ ሰው ስም ሆኖም ብድግ ትላለች፤ በሩ ላይ ደርሳ ትመለሳለች።

አንድ ቀን ለምሳ ተሰልፈው ሳለ ሂንዲያ የከተማ ወሬ አመጣች።

"ገንደ ቆሬ ሰፈር ስላለ አንድ ሽማግሌ ሰምተሻል? ሚስቱን ሶልያናን ስትሮክ መትቷት ወለል ላይ ወድቃ ስትጠራው እሱ እዚያው ቤት ጌም ይጫወታል። ሦስት ሰዓት! አሁን አንደበቷ ተይዟል፣ ቀኝ ጎኗም አይንቀሳቀስም። የገዛ ልጁ አታናግረውም። አጎቴ ባቡር ላይ አብሮት ሠርቷል፣ እሱ እንኳ ሰላም አይለውም አሁን። ሰው እንዲህ ይጨክናል?"

"በሕይወት አለች?" አለች ሐመልማል።

"አለች። ምነው፣ ታውቂያቸዋለሽ?"

"የኔ ሞካሪ ነው።"

ሂንዲያ ትሪዋን እንደያዘች ቆመች። ከኋላ ያሉት እንድትራመድ ነገሯት። "ጡሩምባው?" አለች በቀስታ።

"ጡሩምባው።"

ሲቀመጡ ሂንዲያ ጠጋ አለቻት። "አቦ፣ ዝም በይ። ማንም አያውቅም። ልንመረቅ ሁለት ሳምንት ነው የቀረን። የሞካሪ ቤት የሄደ ይባረራል፣ ታውቂያለሽ። ደሞስ ብትነግሪው ምን ይጠቅመዋል?"

"አልሰማትም እኮ፣ ሂንዲያ። ሰምቷት ዝም እንዳላት ነው ሰዉ የሚያወራው። እሱም እንደዚያ ሊመስለው ይችላል።"

ሂንዲያ የአጎቷን አድራሻ ሰጠቻት፤ የአጎቷ ቤት ከአቶ ናሆም ቤት ሁለት በር አልፎ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ሹፌር አልባ ባጃጅ ተሳፍራ ገንደ ቆሬ ወረደች። በየበረንዳው መነጽር ያጠለቁ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ባዶ አየር ላይ እጃቸውን ያንቀሳቅሳሉ። አንዱ ዓሣ ይጎትታል። አንዲት አሮጊት የማይታይ ሕፃን ያባብላሉ። አንዱ ከሞተ ጓደኛው ጋር ገበጣ እየተጫወተ "አታጭበርብር" ይላል። ሐመልማል ይህን መንገድ በትምህርት ጉብኝት አልፋበት ታውቃለች፤ ያኔ የክፍሏ ልጆች የትኛው ጨዋታ የማን ሥራ እንደሆነ ከእጅ እንቅስቃሴው ለመለየት ይወራረዱ ነበር።

የአቶ ናሆም በረንዳ ባዶ ነበር። እሳቸው ግቢው ውስጥ የታጠበ አንሶላ ይጨምቃሉ። ረጅም፣ ትከሻቸው ሰፊ፣ ሸሚዛቸው በትክክል የተቆለፈ ሰው ናቸው።

"ከጤና ጣቢያ ነሽ?" አሏት።

"አይደለሁም። ከዩኒቨርሲቲው ነኝ።"

"መነጽሩን መልሻለሁ። ፈርሜ ነው ያስረከብኩት።"

"ስለ መነጽሩ አይደለም፣ ጋሼ ናሆም።" ስማቸውን ስትጠራ የገዛ ድምፅዋ አስደነገጣት። "ባቡሩን የሠራሁት እኔ ነኝ።"

አንሶላውን አልለቀቁም። እላይ እታች አዩአት። "አንቺ?" አሉ። "እኔስ ሽማግሌ ሰው መስሎኝ ነበር። ሐዲዱን የሚያውቅ ሰው።" ቀጥለው፣ "ጥሩ ባቡር ነበር" አሉ፤ እንደ ስድብ ሳይሆን፣ አንድ ሠራተኛ ለሌላው እንደሚለው።

ይህ ከምንም በላይ ከበዳት። "ጋሼ፣ ያን ዕለት እትዬ ሶልያና ሲጠሩዎት..."

"ሰምቻት ይሆናል" አሉ ፈጠን ብለው። "ሰው ሲጠይቀኝ አልሰማሁም እላለሁ። ግን ራሴን አውቀዋለሁ። አንድ ጣቢያ ልድረስና እላለሁ ሁልጊዜ። በሥራም ዘመን እንደዚያው ነበርኩ። ሰምቼ፣ አንዲት ጣቢያ ብዬ ይሆናል። አላስታውሰውም እንጂ።"

"አልሰሙም። ሊሰሙ አይችሉም ነበር። እትዬ ስምዎን በጠሩ ቁጥር ጡሩምባው እንዲነፋ አድርጌ ነበር። ድምፃቸው እንዳይደርስዎት። ቆይታዎ እንዲጨምር።"

አቶ ናሆም አንሶላውን አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ ጨመቁት፤ ውሃ መውጣት አቁሞ ነበር።

"ስንት ጊዜ ጠራችኝ?"

"ሠላሳ አንድ።"

"ጡሩምባው በዛ ብዬ ነበር ያን ቀን። መንገድ ላይ ከብት ያለ መስሎኝ ነበር።" አንሶላውን ገመዱ ላይ ዘረጉት፤ ጫፍ ከጫፍ አስተካከሉት። ጀርባቸውን ሰጥተዋት እንደቆሙ፣ "ስነሣ መጀመሪያ የጠየቅኋት ሻይ ነው" አሉ። "ያንን አንቺ አልሠራሽውም።"

 ይቅርታ የሚለው ቃል ሐመልማል አፍ ውስጥ ነበር፤ ግን እውነቱን ለመስጠት ሳይሆን ምሕረት ለመቀበል የመጣች ያስመስልባታል ብላ ዋጠችው።

ወደ ስድስት ሰዓት ገደማ የግቢው በር ተከፈተና ልጃቸው አስካለ ገባች። በየቀኑ እናቷን ልታበላ ትመጣለች። የሾርባ ዕቃ ይዛ አባቷን እንደ ግድግዳ አልፋ ስትሄድ አቶ ናሆም፣ "አስካለ፣ ይቺ ልጅ የምትነግርሽ አላት" አሉ። ወደ ሐመልማል ዞረው ደግሞ፣ "ለእኔ ያልሽውን ለእሷ ንገሪያት" አሏት።

ሐመልማል ተናገረች። አስካለ ሾርባውን እንደያዘች ቆማ ሰማቻት። ጡሩምባው ጋ ስትደርስ አስቆመችና፣ "ማን አድርጊ አለሽ?" ብላ ጠየቀች።

"ማንም። አስቤው ነው።"

"ተምረሽ?"

"ተምሬ።"

አስካለ አንድ ጊዜ ሐመልማልን፣ አንድ ጊዜ ገመዱ ላይ የተሰጣውን አንሶላ አየች። ከዚያ አባቷን ሳታያቸው፣ "አባዬ፣ ምሳ በልተሃል?" አለች።

አቶ ናሆም እጃቸውን ሱሪያቸው ላይ ጠረጉ። "አልበላሁም" አሉ። 

ሐመልማል ልትሄድ ስትል አስካለ እስከ በሩ ሸኘቻት፤ ሽኝት ግን አልነበረም። "ይሄን በወረቀት ትጽፊዋለሽ" አለቻት። "ትፈርሚበታለሽ። ዩኒቨርሲቲሽም ፊት ትናገሪዋለሽ። ከዚያ መጥተሽ ለእናቴ ትነግሪያታለሽ። ጆሮዋ ደህና ነው። ሁሉንም ትሰማለች።"

የትምህርት ክፍሉ ጉባኤ በሰኔ የመጀመሪያው ሐሙስ ተሰየመ። አምስት ሰዎች፣ አንድ ረጅም ጠረጴዛ። ሐመልማል ቆማ የጻፈችውን አነበበች፤ ሠላሳ አንዱን ቅጂ ካልሰማችሁ ብላ ብትለምንም ሰብሳቢው ጊዜ የለንም አሉ። ጥያቄያቸው ሁለት ብቻ ነበር። የመጀመሪያው፣ ሞካሪው ጨዋታው የቤቱን ድምፅ እንዲያስተናግድ ውል ፈርሟል ወይ? ፈርሟል። ሁለተኛው፣ ተማሪዋ የሞካሪውን ቤት በአካል ሄዳለች ወይ? ሄዳለች። ዶክተር ኬሪያ ከጠረጴዛው ጥግ ተቀምጠው አንድ ቃል አልተነፈሱም። ውሳኔው ከምሳ በፊት ወጣ፤ የንድፍ ጥፋት አልተገኘም፤ ተማሪዋ የሞካሪን ምስጢር በመጣሷ ተሰናብታለች።

ኮሪደሩ ላይ ዶክተር ኬሪያ ደረሱባት። ዙሪያቸውን አዩ።

"ሰምቻቸዋለሁ እኮ" አሉ። "ሠላሳ አንዱንም። ያን ሳምንት ሐሙስ ዕለት፣ ካንቺ አንድ ቀን ቀድሜ።"

"ለምን አልነገሩኝም?"

"ልትመረቂ ነበራ" አሉ ዶክተር ኬሪያ፤ የምራቸውን ነው፣ እንደሚያዝን ሰው። እጃቸውን ትከሻዋ ላይ አሳርፈው ወደ ክፍል ሄዱ፤ የሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች እየጠበቋቸው ነበር። ጡሩምባው ከማስተማሪያው አልወጣም። ባቡር የሚለው ተሰርዞ፣ ደወልም፣ ነጎድጓድም፣ ጭብጨባም ሊሆን እንደሚችል ተጨምሮበታል።

አስካለ የሐመልማልን ወረቀት የሰፈሩ እድር ሲሰበሰብ ቆማ አነበበችው። ከዚያ በኋላ ሰዎች ለአቶ ናሆም ሰላምታ መመለስ ጀመሩ። የሂንዲያ አጎትም እቤታቸው መጥቶ ተቀመጠ። አቶ ናሆም ሻይ አፍልተው አቀረቡለት፤ እሳቸው ግን አልጠጡም።

ሐመልማል ሻንጣዋን ይዛ ወደ ጭሮ ከመሄዷ በፊት ገንደ ቆሬ ተመለሰች። አስካለ ወደ ውስጥ አስገባቻት። ክፍሉ ንጹሕ ነው፤ መስኮቱ ክፍት ነው። ወይዘሮ ሶልያና በሁለት ትራስ ተደግፈው አልጋ ላይ ተቀምጠዋል። ፀጉራቸው ተጎንጉኗል። ቀኝ እጃቸው ጭናቸው ላይ እንደ ዕቃ ተቀምጧል፤ ዓይናቸው ግን ከበሩ ጀምሮ ተከተላት።

"እማዬ፣ የነገርኩሽ ልጅ ናት" አለች አስካለ፤ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች።

ሐመልማል በርጩማ ስባ ከግራ በኩል ተቀመጠች። ተናገረች። ትምህርቱ እንዴት እንደሚሰጥ ነገረቻቸው፤ ውጤት በምን እንደሚሰጥ፣ ሞካሪ ስም እንደሌለው፣ ሁሉም እንደዚያ እንደሚሠራ። እንዲህ ያለ ነገር ይመጣል ብላ እንዳላሰበች፣ ማንም እንዳላስጠነቀቃት። ብዙ ተናገረች። ወይዘሮ ሶልያና ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። ስትጨርስ የተኙ መሰላት። ከዚያ ግራ እጃቸው ከብርድ ልብሱ ላይ ተነሣ፤ ሌባ ጣታቸው አየር ላይ ቀስ ብሎ ክብ ሠራ።

"ድገሚው ነው የምትለው" አለች አስካለ።

ደገመችው። በዚህኛው ጊዜ ስለ ትምህርት ክፍሉ ስታወራ ቃላቱ አፏ ላይ ከበዱባት፤ ግማሹን ተወችው። ሌሎቹ ተማሪዎች ምን ያደርጉ እንደነበረም ሳትናገር አለፈች። አጭር ሆነ። ጨረሰች።

ጣታቸው እንደገና ክብ ሠራ።

ሐመልማል አስካለን አየቻት። ከውጭ የአቶ ናሆም የእግር ድምፅ መጣና በሩ አጠገብ ቆመ።

"እትዬ ሶልያና" አለች። "ድምፅዎን ከመሸፈኔ በፊት ሰምቼዋለሁ። የማን እንደሆነ፣ ማንን እንደሚጠራ አውቅ ነበር። ጋሼ እንዳይሰሙዎት ያደረግሁት እኔ ነኝ። አውቄ ነው።"

እጃቸው ተነሥቶ ነበር። አየር ላይ ትንሽ ቆመና፣ ክብ ሳይሠራ፣ ወደ ብርድ ልብሱ ወረደ። ወይዘሮ ሶልያና ዓይናቸውን ገልጠው አዩአት፤ እንግዳ ሰው በቅርበት እንደሚታይ፣ ከፀጉሯ እስከ ጫማዋ። ቀጥሎ ፊታቸውን ወደ ልጃቸው መለሱ። አስካለ ሾርባውን አመጣች፤ እናቷ አፋቸውን ከፈቱ። ማንኪያው ይሄዳል፣ ይመለሳል። ሐመልማልን ሂጂ ያላት የለም፤ ተቀመጪም ያላት የለም።